መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ደብረ ብርሃን ለምትመጡ፦ ሳትንገላቱ ጨርሳችሁ እንድትመለሱ

የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ቀን የቀረው ሹፌር ፊቱ ያስታውቃል። ትራፊክ ባየ ቁጥር ኪሱን ይዳብሳል። ሌሊት ተነስቶ ይሰለፋል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ አንድ ወረቀት ጎደለ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ ሩጫ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ከወረዳ ለሚመጡ ነው። ከተማው ውስጥ ለሚኖር ሰው "ነገ ና" ቢሉት ያናድደዋል እንጂ አይጎዳውም። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከአጣዬ ወይም ከሸዋ ሮቢት ለመጣ ሰው ግን ነገ ማለት የአልጋ ኪራይ ነው። የምግብ ወጪ ነው። የቆመ መኪና ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የሚያልቀውን ሁሉ ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱ። ትልቁ ሥራ እዚያ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን በደንብ እዩ

ካርዱን አውጡና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ከጓደኛ አትጠይቁ፤ የእናንተ ካርድ ላይ የተጻፈው ነው ልክ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም አረጋግጡ። ዓመቱን ስታዩ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የሚያሳስተው ወሩ ነው። ለምሳሌ 05/03 የሚል ካለ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን የካቲት 26 ላይ ይውላል። መሐላቸው ከሦስት ወር በላይ አለ። "ገና ነው" ብሎ ተዝናንቶ ቅጣት ላይ የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህች ጋ ነው የሚሳሳተው።

ሁለት ወር ሲቀረው መዘጋጀት ጀምሩ። የምታሳድሱበት ቀን ሰኔ መጨረሻ ላይ ባይውል ደግሞ ጥሩ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ 1 ይጀመራል። በሁለቱ መሐል ሒሳብ የሚዘጋ ቢሮ ብዙ ነው።

ቦሎን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ቦሎ የመኪናው ነው፣ መንጃ ፈቃድ የእናንተ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ ማሰብ ሁለቱንም ሊያስቀር ይችላል።

ፋይላችሁ የት እንዳለ እወቁ

እድሳት ላይ ሰውን በጣም የሚያመላልሰው ይሄ ነው። መንጃ ፈቃዱን መጀመሪያ ያወጣችሁበት ቢሮ መዝገብ ቤት ውስጥ በስማችሁ የተከፈተ ፋይል አለ። የትምህርት ማስረጃችሁ፣ የፈተና ውጤታችሁ፣ የቀድሞ እድሳታችሁ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የምታሳድሱበት ቢሮ ያወጣችሁበት ካልሆነ መሸኛ ወይም ማጣሪያ ደብዳቤ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባለው ዞን ሁለት ነው። ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ያደረገው በአማራ ክልል ነው። ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገው በኦሮሚያ ክልል ነው። ፍቼ ያወጣችሁት መንጃ ፈቃድ "ሰሜን ሸዋ" ስለተባለ ብቻ ደብረ ብርሃን ፋይሉ አለ ማለት አይደለም። ክልሉ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ያወጣችሁም እንደዚሁ።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ወረዳችሁ ያለውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ እድሳቱ እዚሁ ይሠራል ወይስ ደብረ ብርሃን? ፋይሌ የት ነው? ሌላ ቦታ ካለ ደብዳቤው በማን በኩል ነው የሚሄደው፣ እኔ ይዤው ልሂድ ወይስ እናንተ ትልኩታላችሁ? የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ማስታወሻ ላይ ጻፉ። በኋላ "እንዲህ ያለህ ማነው?" ስትባሉ መልስ ይኖራችኋል።

ስማችሁ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን

የቀበሌ መታወቂያውን፣ የፋይዳ መታወቂያውንና የድሮውን መንጃ ፈቃድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የልደት ቀን። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ላይ "ኃይለ ሥላሴ" ተለያይቶ፣ ሌላው ላይ "ሀይለስላሴ" ተጣብቆ ይጻፋል። በእንግሊዝኛው ደግሞ አንድ ፊደል ተጨምሮ ወይም ጎድሎ ይገኛል። ለእኛ ያው ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሰው ነው ይላል።

ልዩነት ካገኛችሁ የትኛው እንደሚስተካከል መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቁ። በራሳችሁ ግምት አንዱን አስቀይራችሁ ሌላው ጋ እንዳይጋጭባችሁ። ፋይዳ ያልተመዘገባችሁ አሁኑኑ ተመዝገቡ። ምዝገባው በነፃ ነው። 12 አሃዙን ቁጥር በስልካችሁም በወረቀትም ያዙ፤ የስልኩ ባትሪ ወረፋ ላይ ቢያልቅ ወረቀቱ ያወጣችኋል።

ያልተከፈለ ቅጣት ካለ ቀድማችሁ ክፈሉ

ትራፊክ የጻፈላችሁ ክስ ካለ አስቡት። ዓመት ያለፈው፣ የረሳችሁት፣ መንገድ ላይ በሌላ ከተማ የተቀጣችሁት ሁሉ። ቅጣት በጊዜው ካልተከፈለ ይጨምራል። እድሳት ላይም ቀርቦ ያስቆማችኋል። የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞች አንድ ፖስታ ውስጥ ያዙ። ደረሰኝ የሚጥል ሹፌር ብዙ አውቃለሁ፤ እባካችሁ አትጣሉ።

መንጃ ፈቃዳችሁ ከጠፋ ጉዳዩ እድሳት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡና ማስረጃ ያዙ።

የምትይዙት

ዋናው የድሮ መንጃ ፈቃድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የቅርብ ጊዜ ጉርድ ፎቶ፣ የቅጣት ደረሰኞች፣ መሸኛ ካስፈለገ መሸኛው። የሁሉም ፎቶ ኮፒ፣ ከፊትም ከኋላም። ኮፒውን ከቤት አስነሱ። ቢሮው አካባቢ መብራት ሲጠፋ ኮፒ ቤቱም አብሮ ይቆማል። ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዙ። ክፍያው በባንክ ይሁን በቴሌብር አስቀድማችሁ ጠይቁና ብሩን በዚያው መንገድ አዘጋጁ። ቀሪው ለአልጋና ለምግብ በእጅ ይኑር።

የጤና ምርመራው

ይህን ክፍል ሰው በጣም ያቃልለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። "ማኅተም ብቻ ነው" እያሉ ሳይመረመሩ ወረቀቱን የሚፈልጉ አሉ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ አስቡት። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና መብራት እንኳን አይታይም። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የሚጠመዘዘውን መንገድ ሰው የሞላ ሚኒባስ ይዞ የሚወርድ ሹፌር ዓይኑ ማየት አለበት። ምርመራው ለዚህ ነው። ተሳፋሪው የእናንተም እናት ልትሆን ትችላለች።

ምርመራውን ለማድረግ የተፈቀደለት ጤና ተቋም የትኛው እንደሆነ ከትራንስፖርት ቢሮው ጠይቁ። ሌላ ቦታ ከፍላችሁ ተመርምራችሁ "ይሄን አንቀበልም" እንዳትባሉ።

ዓይን ላይ እግሮቹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የዞሩ ባለ ሦስት እግር ምልክቶች ያለበት ሠሌዳ ያሳዩዋችኋል። ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ አቅጣጫውን በእጅ ማሳየት ነው። ፊደል አለማወቅ እዚህ ችግር አይደለም። መነፅር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ አድርጋችሁም ታዩ። "መነፅር ካዩብኝ ይከለክሉኛል" ብሎ ደብቆ የሚገባ ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው። በመነፅር አጥርቶ ማየት ማየት ነው። ቀለም መለየትም ይፈተናል። በነጠብጣብ መሐል የተጻፈ ቁጥር አሳይተው ያስነብቧችኋል።

የደም ዓይነት ካላወቃችሁ ያን ቀን ይመረመራል። ውጤቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ለሌላ ጊዜም ይጠቅማል።

ደም ግፊት ላይ ግን ልብ በሉ። ጤነኛ የሆነ ሰው በጭንቀት ብቻ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል። ሌሊት ተነስቶ፣ ሲሮጥ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ፣ ብርድ ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው ልኬቱ ከፍ ማለቱ አይገርምም። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይቅር። መጸዳጃ ቤት ሂዱ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጀርባችሁ ይደገፍ፣ እግራችሁ አይጠላለፍ፣ ክንዳችሁ በልብ ከፍታ ላይ ይረፍ። ሲለካ አታውሩ። ከፍ ካለ "ትንሽ ልረፍና እንደገና ይለኩልኝ" በሉ። ይሄ መብታችሁ ነው፣ ለሐኪሙም ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጠዋል።

የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ያን ቀን አትዝለሉ። በእውነት ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ታከሙ። ከመንጃ ፈቃዱ በፊት ለራሳችሁ ያስፈልጋችኋል።

ጉዞውና ሰዓቱ

የመንጃ ፈቃዳችሁ ጊዜ ካለፈ እየነዳችሁ አትምጡ። "ላሳድስ እየሄድኩ ነው" የሚለው ለትራፊክ መልስ አይሆንም። አደጋ ቢደርስ ደግሞ መድን ድርጅቱ የመጀመሪያ ጥያቄው ሹፌሩ የፀና መንጃ ፈቃድ ነበረው ወይ ነው። በሕዝብ መኪና ኑ።

ከቆላ የምትመጡ ልብስ ደርቡ። ሸዋ ሮቢት በሸሚዝ የዋለ ሰው ደብረ ብርሃን ጠዋት ወረፋ ላይ ሲቆም ሌላ አገር ነው የሚመስለው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። ቆሎም ያዙ፤ ወረፋ ለቆ ቁርስ ፍለጋ መሄድ ተራ ማስበላት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውሉና አጣሩ። የመንገድ መዘጋት በአካባቢያችን የታወቀ ነገር ነው። ከቻላችሁ ዋዜማውን ግቡና እደሩ።

የመንግሥት ሥራ ሰዓት ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ግን የጠዋቱ 5:30 ላይ ያበቃና እስከ 7:30 ምሳና ጸሎት ነው። ዓርብ መምጣት አልመክርም። ያላለቀ ጉዳይ ሰኞ ላይ ይወድቅና ሦስት ሌሊት ከፍላችሁ ታድራላችሁ ወይም ደክማችሁ ትመለሳላችሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል፤ አንድ ቀን ቢንሸራተት ትርፍ ቀን አላችሁ።

ቢሮው ስትደርሱ

ወረፋ ከመያዛችሁ በፊት ግድግዳውን አንብቡ። የዜጎች ቻርተር የሚባል ሠሌዳ አለ። አገልግሎቱ፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የሚፈጀው ጊዜ እዚያ ተጽፏል። ፎቶ አንሱት። በኋላ መከራከር ቢመጣ ከራሳቸው ሠሌዳ ነው የምትጠቅሱት።

መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ፣ በቅደም ተከተል ስጡ። አንድ በአንድ ከኪስ እየፈለጉ ማውጣት ሠራተኛውንም እናንተንም ያስጨንቃል። ከዚያ እንዲህ በሉ፦

"እንደምን አደርሽ እህቴ። መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ ነው። ወረቀቴ ይሄው፣ ኮፒውም አብሮ አለ። ከመሐል ሜዳ ነው የመጣሁት። የሚጎድል ነገር ካለ አሁኑኑ ሁሉንም ንገሪኝ።"

"ሁሉንም" የምትለው ቃል አትቅር። አለበለዚያ አንዱን አሟልታችሁ ስትመለሱ ሌላ ይወጣል። እኔ ራሴ የሄድኩበት አንድ ቢሮ ፎቶ አምጣ ብሎኝ አመጣሁ። ከዚያ ኮፒ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ፊርማ ከሌላ ክፍል። ሦስቱንም መጀመሪያ ላይ ማወቅ ይቻል ነበር። ያን ቀን የጎደለውን ሲነግሯችሁ ጻፉት፣ መልሳችሁም አንብቡላት፦ "እነዚህ ብቻ ናቸው አይደል?"

"ሲስተም የለም" ከተባላችሁ አትበሳጩ፣ ዝም ብላችሁም አትቀመጡ። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ነገር አለ። ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ይውጣ። የጤና ምርመራው ካላለቀ ይለቅ። ፎርሙ ይሞላ። እየወጣችሁ ደግሞ ጠይቁ፦ "ኔትወርኩ ሲመለስ የዛሬው ተራዬ ይያዛል?" አዎ ካሉ ተራችሁን በወረቀት አጽፉ።

"ፋይልህ የለም" ቢሉ የድሮውን ካርድ ቁጥርና ያወጣችሁበትን ዓመት ስጡና እንደገና እንዲፈለግ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በስም ተፈልጎ ያልተገኘ ፋይል በቁጥር ይገኛል። ስም ያለ አያት ስም ከተፈለገ ስንት ተመሳሳይ ሰው አለ!

ፎርሙን ማንበብ የሚያስቸግራቸው አባቶች ወረፋ ላይ ካሉ ወጣቶቹ እርዷቸው። "ጋሼ፣ ላንብብልዎት?" ማለት ምንም አይፈጅም። ካልረዳናቸው የሚረዳቸው ደላላው ነው።

ስለ ደላላ

በር ላይ "ጉዳይ አለ? እኔ በአንድ ሰዓት አስጨርስላችኋለሁ" የሚል ሰው ይጠብቃችኋል። ደክማችሁ፣ በርዷችሁ፣ ተመለሱ ተብላችሁ ስትወጡ ነው የሚያገኛችሁ። ሰዓቱን ያውቃል። ምንም ቢላችሁ ዋናውን ካርድ አትስጡት። የፋይዳ ቁጥራችሁን፣ በስልክ የሚላክላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር አትንገሩት።

ከሁሉ የከፋው ሐሰተኛ ካርድ ነው። ካርዱ እውነተኛ ይመስላል፣ ማኅተምም አለው። መዝገብ ላይ ግን የለም። ትራፊክ ወይም መድን ድርጅት ሲያጣራ እድሳት መሆኑ ቀርቶ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል የሚባል ወንጀል ይሆናል። እንጀራችሁ መኪና መንዳት ከሆነ ለአንድ ቀን ምቾት እሱን አታስይዙ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሕጋዊ ክፍያ ሁሉ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለው ብር የጠየቃችሁ ሰው፣ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ፣ "ደረሰኙን ይቁረጡልኝ" በሉት።

ያለ አግባብ ካመላለሷችሁ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ። የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። ካልሆነ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ፤ ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርሙ። ከዚያ በላይ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እኔ እንዳየሁት ብዙው ጉዳይ ኃላፊው ጋ ያበቃል፤ የተጻፈ ማመልከቻ ሲያዩ ሥራው ይፈጥናል።

ካርዱን ስትቀበሉ

ከመስኮቱ ሳትነሱ አንብቡት። ስም በሁለቱም ቋንቋ፣ የልደት ቀን፣ ፎቶ፣ የደም ዓይነት፣ የሚያበቃበት ቀን። ከሁሉ በላይ ምድቡን፣ ማለትም እንድትነዱ የተፈቀደላችሁን የመኪና ዓይነት፣ እዩ። ሕዝብ ሁለት ይዞ የገባ ሰው ሕዝብ አንድ ተጽፎለት ቢወጣና መንገድ ላይ ቢያዝ ስህተቱ የጸሐፊው ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ስህተት ካለ እዚያው መልሱት። ደረጃ ማሳደግ የምትፈልጉ ደግሞ በሌላ ጊዜ፣ ለብቻው አመልክቱ።

ካርዱ በዕለቱ ካልታተመ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ልምጣ፣ እስከዚያ በምን ወረቀት ልንዳ? የድሮውን ካርድ ከተረከቧችሁ ማስረጃ ሳትይዙ አትውጡ። ሌላ ሰው ሊረከብላችሁ ይችል እንደሆነና ውክልና ያስፈልገው እንደሆነም እዚያው አጣሩ፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው አንድ ጉዞ ይቀንሳል።

አዲሱን ካርድ ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩት። ኮፒውን ለምትሠሩበት ባለንብረት ወይም ድርጅት በዚያው ሳምንት አድርሱ። የክፍያውን ደረሰኝ ከቅጣት ደረሰኞቹ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ሁለት ወር አስቀድማችሁ ሙሉት።